8 ከ10 ብሎ ነገር፦ ከጌም ሪቪው የምንፈልገው ምንድን ነው?

የጌም ሪቪው (ግምገማ) የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ጽሑፉን ዘሎ ወደ ታች ይወርዳል። ነጥቡን ያያል። ከዚያ ወይ ይዘጋዋል፣ ወይ ደግሞ "እንዴት 7 ይሰጠዋል?" ብሎ ተናዶ ወደ ላይ ይመለሳል። ጸሐፊዎቹ ይህን ያውቃሉ፤ ያበሳጫቸዋልም። ብዙ ቀን ተጫውቶ፣ ብዙ ገጽ ጽፎ፣ አንባቢው አንዲት ቁጥር ብቻ ይዞ ሲሄድ ማየት ደስ አይልም። ግን አንባቢው ላይ ከመፍረድ በፊት ምን ፈልጎ እንደመጣ ማየት ይሻላል። ሁሉም የሚመጣው ለአንድ ጉዳይ አይደለምና።

ገና ያልገዛ አለ። የእሱ ጥያቄ ግልጽ ነው፤ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ገዝቶ ገና ያልጀመረም አለ፤ ይሄኛው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ መረጃ አይደለም የሚፈልገው፣ "ገንዘብህን ውኃ አልበላውም" የሚለው ሰው ነው የሚፈልገው። ጨርሶት ሌላው ሰው ምን እንደተሰማው ለማወቅ የሚመጣ አለ። ፈጽሞ የማይገዛው፣ ግን ወሬው እንዳያመልጠው የሚያነብም ጥቂት አይደለም። ለእነዚህ ሁሉ የሚቀርበው አንድ ጽሑፍ ነው። በሪቪው ዙሪያ የሚነሳው አብዛኛው ጭቅጭቅም የሚመጣው ከዚህ ነው፤ አንዱ የግዢ ምክር ፈልጎ መጥቶ ትንታኔ ይጠብቀዋል፣ ሌላው ትንታኔ ፈልጎ መጥቶ የግራፊክስ ዝርዝር ይነበብለታል።

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ጌም ራሱ ነው። ፊልም ቢያስጠላ ሁለት ሰዓት ነው የሚወስደው። ጌም ግን 10 ሰዓትም 100 ሰዓትም ሊሆን ይችላል፤ ዋጋውም ከሲኒማ ትኬት ብዙ እጥፍ ነው። አንድ ፊልም የሚያዩ ሁለት ሰዎች የሚያዩት ያንኑ ነው። አንድ ጌም የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ግን አንዱ በአዲስ ማሽን ሌላው በአሮጌ ኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር በሚገጠም የጌም ማጫወቻ)፣ አንዱ ብቻውን ሌላው ከጓደኞቹ ጋር፣ አንዱ በቀላሉ ደረጃ ሌላው በከባዱ ሊጫወቱት ይችላሉ። በዚያ ላይ ጌሙ ከወጣ በኋላ ይቀየራል። ገምጋሚው የሚጽፈው እሱ ስለተጫወተው ነው፤ አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ደግሞ ራሱ ወደፊት ስለሚጫወተው። ችግሩ ሁሉ ያለው በእነዚህ ሁለት ነገሮች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው።

እስቲ መጀመሪያ ቁጥሩን እንውሰድ። የጃፓኑ ፋሚትሱ መጽሔት ለአንድ ጌም አራት ገምጋሚ ይመድባል፤ እያንዳንዳቸው ከ10 ይሰጣሉ፣ ድምሩ ከ40 ይያዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ከ40 ያገኘው በ1998 የወጣው የኒንቴንዶው "ኦካሪና ኦፍ ታይም" ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ይህን አሠራር የምወደው ለድምሩ ብዬ አይደለም። ሦስቱ 9 ሰጥተው አንዱ 6 ቢሰጥ፣ "ይሄ ጌም አንዳንዱን ሰው አይመቸውም" የሚል መረጃ በግልጽ ተቀምጧል። ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ግን ያ መረጃ ያመልጠዋል።

ሜታክሪቲክ የሚባለው ድረ ገጽ በ2001 ሲመጣ ደግሞ ልዩነቱን ጭራሽ ጨፈለቀው። ከየሚዲያው የወጡትን ነጥቦች ሰብስቦ ወደ መቶኛ ይቀይርና አማካይ ያወጣል። ተራ አማካይም አይደለም፤ ለአንዳንዱ ሚዲያ ከሌላው የበለጠ ክብደት ይሰጣል፣ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ ግን አይናገርም። ከዚያ ቀለም ይቀባዋል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። ለፊልም አረንጓዴ የሚጀምረው ከ61 ነው። ለጌም ግን ከ75! ያው ድረ ገጽ፣ ያው ቀለም። የጌም ነጥብ ምን ያህል ወደ ላይ እንደተሰቀለ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

ለምን ተሰቀለ? ሰው ቶሎ ብሎ "ተከፍሏቸው ነው" ይላል። ከዚያ ይልቅ ተራ የሆነ ምክንያት አለ። በየዓመቱ የሚወጣው ጌም በሺዎች የሚቆጠር ነው፤ አንድ ሚዲያ ሊገመግም የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሰው የሚጠብቃቸውን ይመርጣል። እጅግ መጥፎዎቹ ማንም ዞር ብሎ ሳያያቸው ያልፋሉ። ከ1 እስከ 4 ያለው ቦታ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ያስለመደን ነገርም አለ፤ ከመቶ 50 ሲባል መካከለኛ ነው ብሎ የሚያስብ የለም፣ ለጥቂት ከመውደቅ ተርፏል ነው የሚባለው። እናም ከ10 ሰባት፣ "ጥሩ ነው፣ ድክመት ግን አለው" ተብሎ የተጻፈው፣ አንባቢው ጋ ሲደርስ "አትንካው" ሆኖ ይነበባል።

ቁጥሩ ከአንባቢው ሌላም ደንበኛ አለው። ኦብሲዲያን የተባለው ስቱዲዮ በ2010 የወጣውን "ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ" ሲሠራ፣ ጌሙን ለገበያ ከሚያወጣው አሳታሚ ከቤተስዳ ጋር በነበረው ውል የሜታክሪቲኩ ነጥብ 85 ከደረሰ ጉርሻ ይከፈለው ነበር። ያገኘው 84 ነው። ይህን በ2012 የተናገረው ከስቱዲዮው መሥራቾች አንዱ ክሪስ አቬሎን ነው። አንድ ገምጋሚ 8 ልስጥ ወይስ 8.5 እያለ ሲያመነታ፣ ሳያውቀው የሰው ደመወዝ ላይ እየተጫወተ ነው ማለት ነው። አንባቢውን ይህ ምንም አይጠቅመውም።

ታዲያ ይቅር ተባለ። ዩሮጌመር የተባለው የእንግሊዝ ሚዲያ በ2015 ከ10 መስጠቱን ትቶ "የሚመከር"፣ "ግድ የሚል"፣ "ይቅርባችሁ" የሚሉ ምልክቶችን ብቻ ማስቀመጥ ጀመረ። በ2023 ግን ከ5 ኮከብ ይዞ ተመለሰ። እኔ አልገረመኝም። አንባቢ ቁጥርን ይሰድባል፣ ይንቃል፣ ግን ሲያጣው ይፈልገዋል። በአንድ ሳምንት አምስት ጌም ሲወጣ የትኛውን ሪቪው እንደሚያነብ የሚመርጥበት ነገር ያስፈልገዋልና። ቁጥሩ ለዚህ ለዚህ ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ስንጠብቅበት ነው የሚያሳዝነን።

እሺ፣ ከቁጥሩ በታች ያለው ጽሑፍስ? አንባቢው እዚያ የሚፈልገው ምንድን ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ከገምጋሚው ጋር ሳይስማማ በትክክል እንዲወስን የሚያስችለው መግለጫ። እሱ የጠላውን እኔ ልወደው እንደምችል ከራሱ ከጽሑፉ ማወቅ ከቻልኩ ጽሑፉ ጥሩ ነው።

"ዴዝ ስትራንዲንግ"ን ውሰዱ። የጃፓናዊው የጌም ሠሪ የሂዴዮ ኮጂማ ጌም ነው፣ በኖቬምበር 2019 ወጣ። ፋሚትሱ 40 ከ40 ሰጠው። አይጂኤን የተባለው ድረ ገጽ ደግሞ ከ10 6.8። ማን ተሳሳተ? ማንም። ጌሙ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትሠሩት ዕቃ ተሸክሞ መሄድ ነው። ጀርባችሁ ላይ ሳጥን ይደረደራል፤ ክብደቱ ወደ ቀኝ ወደ ግራ ይጎትታችኋል፤ ሚዛን ለመጠበቅ ሁለት ቁልፍ ይዛችሁ ድንጋይ ለድንጋይ ትሄዳላችሁ፤ ወንዝ ትሻገራላችሁ፣ ትወድቃላችሁ፣ ዕቃው ይበተናል፣ ለቅማችሁ ትቀጥላላችሁ። ይህችን አንቀጽ ያነበበ ሰው ሁለቱም ነጥቦች ከየት እንደመጡ ይገባዋል። ከዚያም አልፎ እሱ ራሱ የትኛው ወገን እንደሆነ ያውቃል። አንዱ "እና ይሄ ጌም ነው?" ይላል። ሌላው "በቃ የምፈልገው ይሄን ነው" ይላል። በአንጻሩ "አጨዋወቱ ድንቅ ነው፣ ግን አንዳንዴ ይሰለቻል" የምትል ዓረፍተ ነገር ለማንም ምንም አትነግርም። ሪቪው የሚሞላው ግን በእንዲህ ያለች ዓረፍተ ነገር ነው።

"ኤልደን ሪንግ" ላይም ያው ነው። ወዴት መሄድ እንዳለባችሁ የሚነግር የሥራ ዝርዝር የለም፤ የማትችሉት ጠላት ጋ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ልትደርሱ ትችላላችሁ፤ ስትሞቱ የሰበሰባችሁት ነጥብ የሞታችሁበት ቦታ ላይ ይቀራል፣ ሳትወስዱት ደግማችሁ ከሞታችሁ ይጠፋል። ለአንዱ ይህ ነፃነት ነው፤ ከሥራ ደክሞት ገብቶ አርባ ደቂቃ ብቻ ላለው ሰው ደግሞ ቅጣት። ገምጋሚው "ከባድ ነው" ብሎ ካለፈ ሁለቱንም አላገለገለም። ምኑ ነው የከበደው? ጣት ነው የሚፈልገው ወይስ ትዕግሥት? ስሸነፍ የማጣው ምን ያህል ነው? መካከል ላይ ማቆም ይቻላል? ሰው የሚፈልገው ይሄን ነው።

ጊዜም እንዲሁ። "60 ሰዓት ይፈጃል" ማለት ለአንዱ ማሞገስ ነው፣ ለሌላው ማስጠንቀቂያ። ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ከ60ው ሰዓት ስንቱ ጌም፣ ስንቱ ወዲያ ወዲህ መመላለስ እንደሆነ ነው መነገር ያለበት። መጀመሪያ ላይ ምን ያህል እንደሚያንቀራፍፍም እንዲሁ። "ከ15 ሰዓት በኋላ ይጣፍጣል" የሚባሉ ጌሞች አሉ። 15 ሰዓት ለብዙ ሰው የሁለት ወር ትርፍ ጊዜ ነው፤ ያን ያህል የሚታገስ መኖሩን እኔ እጠራጠራለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ገምጋሚው ኑሮ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አሳታሚው ጌሙን ከመውጫው ቀን ቀደም ብሎ ይልክለታል፤ ሪቪው የሚለቀቅበትን ቀንና ሰዓት ደግሞ ራሱ ይወስናል። ከዚያ በፊት መናገር ክልክል ነው። ስለዚህ ገምጋሚው እናንተ ሦስት ወር የምትጫወቱትን በአምስትና በስድስት ቀን ይጨርሳል፤ እንቅልፍ አጥቶ። እንዲህ ሲጫወቱ ተደጋጋሚ ነገር ከሚገባው በላይ ያናድዳል፤ በቀን አንዴ ቢመጣ የማያስጨንቅ ነገር በቀን አሥር ጊዜ ሲመጣ ሌላ ነው። አንዳንዴም ጊዜው ጭራሽ አይበቃም። በ2023 "ባልደርስ ጌት 3" ሲወጣ ቅጂው ለሚዲያዎች የደረሰው ቀናት ሲቀሩት ነበር፤ ጌሙ ደግሞ ግዙፍ ነው፤ ብዙዎቹ "ግምገማው ገና አላለቀም" ብለው ነው የጀመሩት። እኔ ይህን አከብራለሁ። አንባቢ መዘግየትን ይቅር ይላል፤ ያልተጨረሰን እንደተጨረሰ አድርጎ ማቅረብ ነው የሚያስቀይመው።

ኦንላይን ጌም ላይ ደግሞ ቀድሞ መጫወቱ ራሱ ችግር ነው። ገምጋሚው ሲጫወት ሰርቨሩ ላይ (ተጫዋቾቹን የሚያገናኘው ማዕከላዊ ኮምፒውተር ላይ) ያሉት ጥቂት ጋዜጠኞች ናቸው። ሁሉም ነገር እንደ ቅቤ ይሄዳል። በማርች 2013 የወጣው "ሲምሲቲ" ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ነበር። ፖሊጎን የተባለው ሚዲያ ከመውጫው በፊት 9.5 ሰጠው። ጌሙ ወጣ፣ ሕዝቡ ገባ፣ ሰርቨሩ ወደቀ። ነጥቡ ወደ 8 ወረደ፣ ቆየት ብሎ ወደ 4። ያኔ ብዙ ሰው ሳቀባቸው። እኔ ግን ማስተካከላቸው ሳይሆን መጀመሪያውኑ ገና ያልተሞከረ ነገር ላይ ነጥብ መለጠፋቸው ነው የሚያስተቸው የሚል አቋም አለኝ።

ከሁሉም በላይ ያስተማረው ግን "ሳይበርፐንክ 2077" ነው። ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ወጣ። ሪቪዎቹ ከሦስት ቀን በፊት ነው የተለቀቁት፤ በአብዛኛው ምስጋና ነበሩ። ለገምጋሚዎች ቀድሞ የተላከው ግን የኮምፒውተሩ ቅጂ ብቻ ነበር። በቪዲዮ ሪቪዎቻቸውም ላይ የራሳቸውን ምስል እንዳያሳዩ፣ ጌሙን የሠራው ኩባንያ የሰጣቸውን ብቻ እንዲጠቀሙ ተነግሯቸዋል። ሪቪዎቹ ሲለቀቁ የፒኤስ4 (ፕሌይስቴሽን 4) እና የኤክስቦክስ ዋን ቅጂው ለገምጋሚዎች ገና አልደረሰም ነበር። ሲወጣ ምን ሆነ? በእነዚያ ኮንሶሎች ላይ ይንተፋተፋል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ራሱን ይዘጋል። የፒኤስ4 ሠሪ ሶኒ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ከኦንላይን መደብሩ አነሳው፤ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። በሜታክሪቲክ የኮምፒውተሩ ቅጂ ነጥብ ከ80 በላይ ሲሆን የፒኤስ4ው 60 እንኳ አልደረሰም። አንድ ጌም፣ ሁለት ዓለም።

ከመውጫው በፊት የወጡት ሪቪዎች ውሸት አልነበሩም። ጸሐፊዎቹ ያዩትን ነው የጻፉት። አንዳንዶቹም "የኮንሶሉን አላየንም" ብለው ጠቅሰዋል። ግን ይህ ነገር መሃል ላይ ተወርውሮ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ሚሊዮን ሰው የሚገዛው ቅጂ ተደብቆ ከሆነ፣ መደበቁ ራሱ ዜና ነው፤ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ መቀመጥ አለበት። ስለዚህ ሪቪው ስታነቡ "በምን ማሽን ነው የተጫወተው?" የሚለውን ፈልጉ። ከሌለ፣ ያ ሪቪው ለእናንተ ጌሙን አልገመገመም። በኮምፒውተር ከሆነም የግራፊክስ ካርዱን ዓይነት፣ በሴኮንድ ስንት ምስል (ፍሬም) እንዳሳየ መናገር አለበት። አሰልቺ መረጃ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ብስጭት የሚያድነው አሰልቺው መረጃ ነው።

ጌም ይቀየራል ብዬ ነበር። ወደ መልካምም ወደ ክፉም ነው። "ኖ ማንስ ስካይ" በኦገስት 2016 ሲወጣ ቃል የተገባው ብዙ ነገር አልነበረም፤ ሰው በጣም ተቆጣ። ሠሪዎቹ ግን ዝም ብለው ለዓመታት በነፃ ጨመሩበት፤ ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ላይ የተጫዋቾች አስተያየት አጠቃላይ ድምር "በጣም አዎንታዊ" ላይ የደረሰው በ2024 መጨረሻ ገደማ ነው። የ2016ቱን ሪቪው ዛሬ የሚያነብ ሰው ስለሌለ ጌም ነው የሚያነበው። በተቃራኒው በጁን 2019 የወጣው "ክራሽ ቲም ሬሲንግ ናይትሮ ፊውልድ" ሲገመገም ጌሙ ውስጥ በእውነተኛ ገንዘብ የሚሸጥ ነገር አልነበረም። ሪቪዎቹ ወጡ፣ ሰው ገዛ፣ ሳምንታት አለፉና ሽያጩ ተጨመረ። ይህ ለወላጆች ቀላል ነገር አይደለም፤ "ልጄ የእኔን ካርድ ሊጨርስበት ይችላል ወይ?" ለሚል ሰው ዋናው ጥያቄ እሱ ነው። ስለዚህ ሪቪው ላይ ቀን ማየት፣ ቀኑ ከራቀ ደግሞ አዲስ ነገር መፈለግ ግድ ነው። ሚዲያዎቹም ወደ አሮጌ ጽሑፍ ተመልሰው "አሁን እንዲህ ሆኗል" ቢሉ ጥሩ ነበር፤ ጥቂቶች ብቻ ናቸው የሚያደርጉት።

አሁን ወደ "ተከፍሏቸው ነው" እንመለስ። ጥርጣሬው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2007 ጌምስፖት በተባለው የጌም ድረ ገጽ ላይ ይሠራ የነበረው ጄፍ ገርስትማን "ኬን ኤንድ ሊንች" ለተባለ ጌም 6 ሰጠ። ድረ ገጹ በዚያው ጌም ማስታወቂያ ተሞልቶ ነበር። ገርስትማን ተባረረ። ጉዳዩ ከነጥቡ ጋር የተያያዘ መሆኑን በይፋ መናገር የቻለው በ2012 ነው። ሌላም አለ። የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2016 ዋርነር ብራዘርስን የከሰሰው "ሻዶው ኦፍ ሞርዶር"ን እንዲያስተዋውቁ ለዩቲዩበሮች ከፍሎ መከፈላቸው በግልጽ እንዲታይ ባለማድረጉ ነው፤ ጌሙን እንዳይነቅፉ፣ ብልሽት እንዳያሳዩም በውል ታስረው ነበር። ነገሩ በስምምነት አለቀ።

እንደዚህ ያለው ግልጽ ነገር ግን የዕለት ተዕለቱ አይመስለኝም። የዕለት ተዕለቱ ጫና ረቂቅ ነው። ቀድሞ ቅጂ ያገኘ ቀድሞ ያወጣል፤ ቀድሞ ያወጣ ብዙ ሰው ያነበዋል። ቅጂውን የሚሰጠው አሳታሚው ነው። ማንም ማንንም ሳያስፈራራ፣ ማንም ሳይከፍል፣ ገምጋሚው በሚቀጥለው ጊዜ ዝርዝሩ ውስጥ መኖር እንደሚፈልግ ሁሉም ያውቃል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ቅጂውን ከማን እንዳገኘ፣ ምን ቅድመ ሁኔታ እንደተሰጠው፣ ምን እንዳይናገር እንደተከለከለ ጽሑፉ ላይ ይጻፍ። አንባቢ ገምጋሚው ምንም ግንኙነት የሌለው መልአክ እንዲሆን አይጠብቅም። እንዳይደበቅበት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሌላው ከአንባቢ የሚሰማ ጥያቄ "ከግል ስሜት የጸዳ ሪቪው ስጡን" የሚል ነው። ቃል በቃል ከተወሰደ የማይሆን ነገር ነው፤ የጌሙን ክብደትና የደረጃውን ብዛት መዘርዘር ሪቪው አይባልም። ግን ጥያቄውን ማጣጣልም አይገባም፤ ከሥሩ ሌላ ቅሬታ አለ። አንባቢው "ዘውጉን የሚጠላ ሰው አምጥታችሁ አስገመገማችሁብኝ" እያለ ነው። የእግር ኳስ ጌም የማይወድ ሰው የእግር ኳስ ጌም ቢገመግም ምን ይጠቅማል? ሊጠቅም ይችላል፣ "እኔ ከዚህ ዓይነት ጌም ጋር አልተዋወቅኩም" ብሎ ከጀመረ። ለአዲስ ገቢ እንዲያውም ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው፤ በዘውጉ የኖረው አርበኛ የማያየውን መሰናክል እሱ ያየዋል። አርበኛው ደግሞ ካለፈው ዓመቱ ምን እንደተለወጠ ይነግረናል፣ ነባሩ ተጫዋች የሚፈልገው ያንን ብቻ ነውና። አንድ ገምጋሚ ሁለቱንም መሆን አይችልም። ማን መሆኑን ግን ሊነግረን ይችላል። ለዚህም ነው ሰዎች ከሚዲያ ይልቅ አንድን ሰው መከተል የሚመርጡት፤ ጣዕሙ ከታወቀ፣ "እሱ ካማረረበት ለእኔ ነው" ማለት ይቻላል።

የተጫዋቾች አስተያየትስ? ስቲም ከ2013 ጀምሮ ገዢዎች ራሳቸው "እመክራለሁ" ወይም "አልመክርም" እንዲሉ ፈቅዷል። ነጥብ የለም፤ አውራ ጣት ላይ ወይም ታች። ከጎኑ ደግሞ ሰውየው ስንት ሰዓት እንደተጫወተ ይታያል። ይህች ሰዓት ትልቅ ነገር ናት። 2 ሰዓት ተጫውቶ "ቆሻሻ" ያለና 300 ሰዓት ተጫውቶ "አትግዙ" ያለ የሚሉት ነገር የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ማሽኑ ላይ አልሠራለትም፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የቅርብ ጊዜ አፕዴት አናዶታል።

የብዙ ሰው ድምፅ ግን አንዳንዴ ውርጅብኝ ይሆናል። በጁን 2020 "ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2" ሲወጣ ገምጋሚዎች አማካይ 93 ሰጡት፤ ሜታክሪቲክ ላይ የተጠቃሚዎች ነጥብ ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከ10 አራት እንኳ አልሞላም። ጌሙን በዚያ ሰዓት ውስጥ ጨርሶ መፍረድ የሚችል ሰው አልነበረም። ድረ ገጹ ከዚያ በኋላ ጌም በወጣ በመጀመሪያዎቹ 36 ሰዓታት ተጠቃሚዎች ነጥብ እንዳይሰጡ ከለከለ። ግን ውርጅብኝ ሁሉ ከንቱ አይደለም። በሜይ 2024 ሶኒ "ሄልዳይቨርስ 2"ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሁሉ የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ሲያዝ፣ አገልግሎቱ በሌለባቸው ብዙ አገሮች ያሉ ሰዎች የገዙትን ጌም ሊያጡ ሆነ። ከ200,000 በላይ አሉታዊ አስተያየት በቀናት ውስጥ ዘነበ። ሶኒ ውሳኔውን ተወ። የጌሙ አጨዋወት አልተበላሸም ነበር፤ ግን ለገዢ ያ መረጃ አይጠቅምም የሚል ካለ አልስማማም። ቁም ነገሩ ድምሩን ትቶ አስተያየቶቹን አምስት ስድስት ያህል ማንበብ ነው፤ ውርጅብኙ ስለምን እንደሆነ ወዲያው ይታወቃል።

ቶሎ የሚታለፉ፣ ለአንዳንድ አንባቢ ግን ሁሉ ነገር የሆኑ ጉዳዮችም አሉ። የጽሑፉ መጠን ይተልቃል ወይ? ቀለም የማይለይ ሰው ጠላቱን ከወዳጁ መለየት ይችላል? ቁልፎቹን በአንድ እጅ ለሚጫወት ሰው መቀየር ይቻላል? ኢንተርኔት ሲቋረጥ ጌሙም ይቆማል? ሁለት ሰው በአንድ ስክሪን መጫወት ይችላል? እያንዳንዳቸው አንድ መስመር ናቸው። ያቺ መስመር ስትቀር ግን ሰውየው ሙሉ ሪቪው አንብቦ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

የቀረው ታሪኩን አስቀድሞ የመናገር ጉዳይ ነው። ያልገዛ ሰው መጨረሻውን ማወቅ አይፈልግም፤ አንዳንዱ የሁለተኛውን ምዕራፍ ቦታ ስም እንኳ ስትነግሩት ይቆጣል። ችግሩ አንዳንድ ጌም መጨረሻው ሳይነካ ሊገመገም አለመቻሉ ነው። መጨረሻው የቀደመውን ሁሉ የሚያበላሽ ከሆነ ገምጋሚው "መጨረሻው አሳዝኖኛል" ከማለት በላይ መሄድ አይችልም፤ ምክንያቱን ካልተናገረ ደግሞ አንባቢው እንዴት ይመዝነው? ለጨረሰው አንባቢ የሚሆነው ጽሑፍ ሌላ ነው፤ ሁሉን የሚናገር፣ "ያቺ ውሳኔ ላይ ምን መረጥክ?" የሚል፣ ከወጣ ከወር ከሁለት ወር በኋላ የሚጻፍ። እንደዚህ ያለ ጽሑፍ የሚገኘው በጥቂቱ ነው፤ ሰው የጌሙን ስም በብዛት የሚፈልገው በወጣበት ሳምንት ነው፤ ማስታወቂያውም የሚከፍለው በዚያው ሳምንት ነው። በሁለተኛው ወር ጌሙን የጨረሰው ሰው ሲመጣ፣ ሚዲያው ወደሚቀጥለው ጌም ሄዷል፤ የሚያገኘው ያንኑ ለገዢ የተጻፈውን ሪቪው ነው።